የመደብ ዋጋ፤ ባለ እጅ በባዛር ስለሚከፍለው ኪራይ የቀረበ ሒስ

ዋሂል የድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች ከተመደቡባቸው አራት ክላስተሮች አንዱ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ብዮ አዋሌ፣ ጀልዴሳና አሰሊሶ ይባላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያደገው በዋሂል ስለ ኾነ፣ ከዚህ በታች ከሚነገረው ከፊሉ ከመጻሕፍት የተገኘ ሳይኾን በዐይን የታየ ነው። ከምናገርላቸው ባለ እጆች አንዷም የአባቴ እኅት ናት። አንባቢ ይህን አስቀድሞ ዐውቆ፣ ማድላቴን በሚገባው መጠን እየቀነሰ እንዲያነብልኝ እለምናለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነው። አንድ ባለ እጅ የእጁን ሥራ የሚሸጥበትን ቦታ ከሌላ ሰው ሲቀበል፣ የቦታው ዋጋ በምን ሊለካ ይገባል? በመሬቱ ስፋት ነውን? በቀኑ ብዛት ነውን? ወይስ በተሸጠው ዕቃ መጠን? ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ስፌት የምትሰፋ ሴት ወይም ሥዕል የሚሥል ወጣት በሥራው መኖር መቻልና አለመቻሉ ብዙ ጊዜ የሚቈረጠው በዚህች በትንሿ ነገር ላይ መኾኑን አይቻለሁ።

በመጀመሪያ የገጠሩን ገበያ እንመልከት። በገበያ ቀን ሻጪቱ ማልዳ መጥታ መደቧን ትይዛለች። መደብ ማለት ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ የሚነጠፍበት ቁራጭ መሬት ነው። ጥላ የላትም፣ ግድግዳ የላትም፣ ገበያው ሲፈታም የማንም አይደለችም። ኾኖም «ይህ የእገሊት ቦታ ነው» ተብሎ ስለሚታወቅ፣ ብትዘገይ እንኳ ጎረቤቷ ትጠብቅላታለች። ቀራጩ ቲኬቱን ይዞ ሲመጣ የሚጠይቀው ትንሽ ገንዘብ ነው። እኔ በልጅነቴ ደጋግሜ ያየሁት፣ ገና ምንም ያልሸጠች ሴት «ገና አልፈታሁም፤ ዞረህ ና» ስትለው ቀራጩ ወደሚቀጥለው መደብ አልፎ ከቀትር በኋላ መመለሱን ነው። ይህ በደንብ የተጻፈ ሕግ ነው አልልም። ምናልባትም የቀራጩ ርኅራኄ ብቻ ይኾናል። ነገር ግን በውስጡ አንድ ሐሳብ አለ፤ ቦታ የሚከፈልበት ሽያጭ ስላለበት ነው፣ ሽያጭ ከሌለ ቦታ መሬት ብቻ ነው የሚል ሐሳብ። የከብት ገበያ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ በብዙ ስፍራ ክፍያው የሚታሰበው በሬው ተሸጦ ሲወጣ ነው።

ከዚህ ወደ ባዛር ስንሻገር ሁሉ ነገር ይገለበጣል። አዳዳ፣ ማለት የአባቴ እኅት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከወስፌ ጋራ የኖረች ሴት ናት። ስንደዶውን ትሰነጥቃለች፣ አክርማውን ትነክራለች፣ አለላውን ቀለም ታገባለች፤ አንድ ትልቅ መሶብ ከእጇ ሳይወጣ ሁለትና ሦስት ወር የሚቈይበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም የምትሰፋው ከብቶቹ ከገቡ፣ እራት ከተበላ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመድ «ከተማ ውስጥ የበዓል ባዛር አለ፤ እዚያ ብትወስጂው ሦስት እጥፍ ይሸጣል» ብሎ መከራት። የባዛሩን ስምና ከተማውን አልጠቅስም። እኔ አስተርጓሚ ኾኜ አብሬአት ሄድኩ፤ እርስዋ ከኦሮምኛ በቀር አትናገርምና። በመግቢያው ያለው ልጅ ትሑት ነበር። «አዴ፣ ዋጋው በካሬ ሜትር ነው፤ የዐሥሩ ቀን በሙሉ አስቀድሞ ይከፈላል» አላት። እኔ ተረጐምኩላት። አዳዳም ዝም ብላ ቈየችና «ካልተሸጠስ ይመልስልኛል ወይ ብለህ ጠይቀው» አለችኝ። ልጁ ሣቀ። በክፋት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚያ በፊት ሰምቶ ስለማያውቅ ነው። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ ስለ እርስዋ አፍሬ ነበር። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ማፈሬ ነው፤ ጥያቄዋ በጠቅላላው ባዛር ውስጥ ከተጠየቁት ሁሉ የተሻለው መኾኑን የተረዳሁት እዚህ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነውና።

የእርስዋን ሒሳብ እንዳለ ማውጣት የሰው ጓዳ መግለጥ ስለሚኾን፣ በምሳሌ ቍጥር ላስረዳ። አንዲት ሰፊ 12 ስፌት ይዛ መጣች እንበል፤ የእያንዳንዱም ዋጋ 1500 ብር ነው። የቦታው ኪራይ 6000 ብር ቢኾን፣ ሁሉንም ብትሸጥ እንኳ ከ18000 ብሩ ሲሶው ለቦታ ይሄዳል። 4 ብቻ ብትሸጥ የሸጠችው በሙሉ ኪራይ ይኾናል፤ መጓጓዣዋ፣ ማደሪያዋና የወራት ድካሟ ከኪሷ ነው። በአጠገቧ ባለው እኩል ቦታ ላይ አንድ ነጋዴ ከፋብሪካ የመጣ ብርድ ልብስ ያኖራል፤ ዋጋው 2000 ብር ነው፣ 200 ይሸጣል። ለእርሱ ያው 6000 ብር ከ400000 ብር ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል ማለት ነው። ሁለቱ የከፈሉት አንድ ዐይነት ዋጋ ነው፤ ደረሰኛቸውም አንድ ዐይነት ነው። የአንዱ ግን ወጪ ነው፣ የሌላዋ ዕዳ ነው። የብርድ ልብሱ ነጋዴ ዕቃው ካለቀ ስልክ ደውሎ ሌላ ጭነት ያስመጣል። የሰፊዋ ዕቃ ካለቀ የሚተካው በሚመጣው ዓመት ነው። በካሬ ሜትር የሚለካ ኪራይ ይህን ልዩነት ፈጽሞ ሊያየው አይችልም።

አዘጋጆቹ ክፉ ሰዎች ስለ ኾኑ ነው የሚል መልስ ይህን ነገር አያስረዳም። ነገሩን ለመረዳት አዳራሹ እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ያሻል። በአዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ማዕከል ለብዙ ዓመታት የገና፣ የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ባዛሮች ይደረጉ የነበረው በጨረታ ነው። ከፍተኛውን ዋጋ ያቀረበው ድርጅት አዳራሹንና ግቢውን ለበዓሉ ሰሞን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ያወጣውን ገንዘብ በመግቢያ ትኬትና በቦታ ኪራይ ይመልሳል፣ ትርፉንም ከዚያው ያወጣል። ስለዚህ ጨረታው ከፍ ባለ ቍጥር የካሬ ሜትሩ ዋጋ ከፍ ይላል። የካሬ ሜትሩ ዋጋ ከፍ ሲል ደግሞ ሊከፍል የሚችለው ብዙ ዕቃ በአጭር ጊዜ የሚያዞር ነጋዴ ነው። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሰፊዋና ሠዓሊው በመጀመሪያ ወደ ጥግ ይገፋሉ፣ ቀጥሎም ይቀራሉ። በዓል ባዛር ስንገባ የምናየው ሶፋ፣ ቴሌቪዥንና የፊት ቅባት ብቻ ሲኾን «ሕዝቡ የባህል ዕቃ አይወድም» እንላለን። ሕዝቡ መውደዱንና አለመውደዱን የሚያውቅበት ዕድል መቼ አገኘ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥሞና እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ። ባዛር አዘጋጅ የሚሸጠው መሬት አይደለም። የሚሸጠው ሁለት ነገር ነው፤ ለነጋዴው ሕዝቡን ይሸጣል፣ ለሕዝቡም ነጋዴውን ይሸጣል። ከሁለቱም ገንዘብ ይቀበላል፤ ከአንዱ በኪራይ፣ ከሌላው በመግቢያ። እንግዲህ ሰው ትኬት ገዝቶ የሚገባው ለምን እንደ ኾነ ከተጠየቀ፣ በየሱቁ የሚገኘውን ብርድ ልብስ ለማየት ብቻ አይደለም። ዘፋኝ ለመስማት ይገባል፤ ለዘፋኙም አዘጋጁ ይከፍለዋል እንጂ የመድረክ ኪራይ አያስከፍለውም። እጇ እየሠራ የምትታይ ሰፊም በአነስተኛ መጠን እንደ ዘፋኙ ናት፤ ሰዎች ቆመው ያዩዋታል፣ ልጆች ይከቧታል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሕዝብ የሚስብን ሰው፣ የተሳበውን ሕዝብ ከሚጠቀምበት ሰው ጋራ እኩል ማስከፈል የሒሳብ ስሕተት ነው።

በውጭ አገር ይህ ክርክር ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ የቈየው ባልጠበቅነው ስፍራ ነው። ኮሚክስ የሚባለውን የሥዕል ታሪክና የሳይንስ ልብ ወለድ የሚወዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት የአድናቂዎች ጉባኤ የሚባል ነገር አለ። በዚያ ወጣት ሠዓሊዎች ጠረጴዛ ተከራይተው የራሳቸውን ሥራ በራሳቸው እጅ ይሸጣሉ። ሁኔታቸው ከስፌት ሻጪዎቻችን ጋራ ስለሚመሳሰል ምሳሌያቸው ይጠቅመናል። ለእኛም ፈጽሞ ሩቅ አይደለም፤ ኤታን ኮሚክስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ካወጣ ወዲህ ይህን ሥራ የሚሞክሩ ወጣቶች በመካከላችን አሉ።

ከእነዚህ ጉባኤዎች መካከል እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ በቶኪዮ የሚደረገው ኮሚኬት ነው። የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዲሴምበር 21 ቀን 1975 ሲኾን፣ የሻጮቹ ቡድኖች 32፣ ጐብኚዎቹም 700 ያህል ነበሩ። ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው የሚጐርፍበት ስብሰባ ኾኗል። ሥርዐቱ ግን ብዙ አልተለወጠም። እያንዳንዱ ቡድን የሚያገኘው ያው የረዥም ጠረጴዛ ግማሽ ነው፤ ዋጋውም ለሁሉ አንድ ነው። አመልካቾቹ ከቦታው ስለሚበዙ የሚለዩት በዕጣ ነው እንጂ በጨረታ አይደለም። ትልልቅ ድርጅቶች በሌላ ክፍል ለብቻቸው ይቆማሉ። ሥራውን የሚያካሂዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ መግቢያውም እስከ 2019 ድረስ ያለ ክፍያ ነበር። ከሁሉ ይልቅ፣ ሻጩም ገዢውም «ተሳታፊ» ይባላል። ይህ የቃል ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ዋጋ ሲተመን የሚታሰበው «ስብሰባውን ለማካሄድ ምን ያህል ያስፈልጋል» ተብሎ ነው እንጂ «ከዚህ ሰው ምን ያህል ማውጣት ይቻላል» ተብሎ አይደለም።

በአሜሪካ ግን አንድ ወጥ ሥርዐት የለም። በብዙዎቹ ጉባኤዎች ሠዓሊው ለጠረጴዛው ቍርጥ ዋጋ አስቀድሞ ይከፍልና የሸጠው ሁሉ የራሱ ነው። በሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤዎች የሥዕል ትርኢት ላይ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ሠዓሊው ሥራውን ለሚሰቅልበት ሰሌዳ አነስተኛ ገንዘብ ይከፍላል፤ ሥዕሉ ሲሸጥ ጉባኤው ከዋጋው ከመቶ የተወሰነ ድርሻ ይወስዳል። ካልተሸጠ ሠዓሊው ሥዕሉን ይዞ ይሄዳል፤ የሚያጣው የሰሌዳውን ዋጋ ብቻ ነው። የእኛም ወገኖች በሰሜን አሜሪካ ከዚህ ችግር አላመለጡም። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ዙሪያ የሐበሻ ልብስ፣ ምግብና ጌጣጌጥ የሚሸጡ ሰዎች ድንኳን ይከራያሉ። ውድድሩ በየዓመቱ ከከተማ ወደ ከተማ ስለሚዘዋወር ሻጩ የቦታውን ኪራይ ብቻ ሳይኾን የማያውቀውን ከተማ ዕድልም ይገዛል።

በመጀመሪያ ይህን ጽሑፍ ሳስብ መደምደሚያዬ ቀላል ነበር። በካሬ ሜትር መክፈል ይቅር፣ ሁሉም ከሸጠው ላይ በመቶ ይክፈል ብዬ ልጽፍ ነበር። አሁን ግን ያ ሐሳብ ስሕተት እንዳለበት ተረድቻለሁ። ያስተማረኝም የተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በየዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎች የሠራነውን ጥልፍ፣ የእንጨት ሥራና ሥዕል የምንሸጥበት ትንሽ ባዛር ነበረን። ከሽያጩ ዐሥረኛው እጅ ለቤተ መጻሕፍቱ ይውላል። ማንም አጕረምርሞ አያውቅም፣ ማንም አጭበርብሮ አያውቅም። እኛ ጨዋዎች ስለ ነበርን አይደለም። ገንዘቡን የሚቀበሉት በበሩ አጠገብ የተቀመጡት አንዲት አረጋዊት መነኵሲት ስለ ነበሩ ነው! ገዢው ዕቃውንና ወረቀቱን ይዞ ወደ እርሳቸው ይሄዳል፤ እርሳቸው ዐሥረኛውን ቀንሰው የቀረውን በየስማችን ይጽፋሉ።

ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው፤ በመቶ ማስከፈል የሚቻለው ገንዘቡ በአዘጋጁ እጅ ሲያልፍ ነው። የአሜሪካው የሥዕል ትርኢት በመቶ የሚሠራው ሥዕሉን የሚሸጠው የጉባኤው ገንዘብ ያዥ ስለ ኾነ ነው። የአዲስ አበባ የሥዕል ጋለሪዎች በመቶ የሚሠሩትም ስለዚህ ነው። ገንዘቡ በሻጩ እጅ በሚገባበት ጠረጴዛ ላይ ግን፣ አዘጋጁ በመቶ ልውሰድ ቢል ወይ ሻጩን ማመን አለበት፣ ወይ በየጠረጴዛው ሰላይ ማቆም አለበት። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ስላለ ሽያጩ ሁሉ በስልክ ይታያል የሚል መልስ ከጓደኞቼ ሰምቻለሁ። አይመስለኝም። አዘጋጁ ስልኬን እያየ ድርሻውን እንደሚቈርጥ ያወቀ ሻጭ ገዢውን «በጥሬው ከኾነ እቀንስልሃለሁ» ይለዋል። ደግሞስ የአዳዳን ስልክ ማን ይመርምር?

ስለዚህ የምደግፈው ሥርዐት ድብልቅ ነው። ባዛሩ ለባለ እጆች አንድ ለብቻው የተከለለ ክፍል ይኑረው፤ ለዚያም ክፍል አንድ ገንዘብ ያዥ ይቀመጥ። ባለ እጁ ሲገባ ትንሽ መያዣ ያስይዝ፤ ከላይ ባየነው ምሳሌ 500 ብር እንበል። ከሸጠው ላይ የሚቈረጠው ከመቶ 10 ይኹን፤ መያዣውም በዚሁ ይታሰብለት። እንግዲህ ያች ሰፊ 4 ብትሸጥ ድርሻው 600 ብር ስለ ኾነ 100 ብር ትጨምራለች። 12ቱንም ብትሸጥ 1800 ብር ይኾናል፣ 1300 ትጨምራለች። ምንም ካልሸጠች 500 ብሯን ታጣለች። አዘጋጁ መያዣውን ማግኘቱ በከንቱ ቦታ ይዞ ከሚጠፋ ሰው ይጠብቀዋል። ከዚያ በላይ ያለው ግን እርሱ ራሱ ሕዝብ አምጥቶ ሲያሸጥ ብቻ የሚገኝ ይኾናል። በካሬ ሜትር ኪራይ ባዛሩ ባዶ ቢውል የሚጐዳው ሻጩ ብቻ ነው፤ አዘጋጁ በመጀመሪያው ቀን ገንዘቡን ጨርሷል። ማስታወቂያ ያሠራው፣ ቀኑን የመረጠው፣ መግቢያውን የተመነው አዘጋጁ ኾኖ ሳለ፣ በማስታወቂያው መጥፎነት የምትከስረው ሰፊዋ መኾኗ ፈጽሞ የማይገባ ነገር ነው። የብርድ ልብሱ ነጋዴ ግን በካሬ ሜትሩ ይቈይ፤ ለእርሱ ይመቸዋል፣ እርሱም አይለቀውም።

«ጨረታውን ማን ይክፈል?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በአዘጋጁ ላይ ብቻ መጣልም አይገባም። አዳራሹ የመንግሥት ወይም የከተማው በኾነበት ቦታ፣ ይህን ያህል መደብ ለባለ እጆች ተለይቶ በድርሻ ይሰጥ የሚል ቃል በጨረታው ሰነድ ውስጥ አስቀድሞ ቢገባ፣ ተጫራቾቹ ሁሉ ያንኑ አስበው ዋጋ ያቀርባሉ። ከተማው የሚያገኘው ገንዘብ ጥቂት ይቀንስ ይኾናል። ነገር ግን ከተማው የባህል ሥራ ይደገፍ እያለ በየመድረኩ የሚናገር ከኾነ፣ የሚደግፍበት ገንዘብ ከዚሁ ይጀምር።

ሌላው ተቃውሞ ባለ እጅ ማን ነው የሚለው ነው። መደቡ ከረከሰ ነጋዴው ከየገበያው የለቀመውን ስፌት ይዞ «እኔ ሰፊ ነኝ» ብሎ መምጣቱ አይቀርም። በአሜሪካ ጉባኤዎችም የሌላውን ሰው ሥዕል አትሞ የሚሸጥ ስለ ሞላ ሠዓሊው ራሱ ከጠረጴዛው እንዲቀመጥ የሚያስገድዱ አሉ። የእኛ ከዚህ ይቀላል። ወስፌና አክርማ ቢሰጡት በግማሽ ሰዓት ይታወቃል። ምርጫውም እንደ ኮሚኬት በዕጣ ቢኾን እመርጣለሁ፤ ቀድሞ ለደረሰ ይሰጥ ከተባለ፣ ቀድሞ የሚሰማው የከተማው ሰው ነው፣ የዋሂሉ ሰው የሚሰማው ባዛሩ ሊፈታ ሲል ነው።

ለአዘጋጆች ደግሞ የሚገባቸውን መስጠት ተገቢ ነው። በዋሂል መሶብ የሚገዛው ሊበላበት ነው፤ በከተማ ባዛር ግን በሐረር ቤቶች እንደሚደረገው ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው የሚገዛም አለ፤ ለዚህኛው ገዢ ዋጋው ሌላ ነው። ያንን ገዢ ወደ ሰፊዋ ያመጣው ባዛሩ ነው። ስለዚህ ከዋጋው ጭማሪ ላይ ድርሻ መጠየቁ ነውር የለውም። ቀፊራ ወርዳ ብትሸጠው ማንም ከመቶ 10 አይጠይቃትም፤ ነገር ግን ያንን ዋጋም አታገኝም።

አንድ ነገር ሳላቋርጠው ቀርቷል። አዳዳ በዚያ ባዛር ውስጥ በመጨረሻ ገብታ ነበር፤ የአንድ ልብስ ሻጭ የቦታዋን ጥግ በትንሽ ገንዘብ ለቀቀችላት። በዐሥሩ ቀን የሸጠችው ጥቂት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ግን አንዲት ሴት ስልክ ደውላ፣ በባዛሩ ያየችውን የመሰለ ሦስት መሶብ አዘዘች። በእኔ ሥርዐት ለዚህ ትእዛዝ ለአዘጋጁ ድርሻ ይገባዋልን? ትውውቁን ያመጣው ባዛሩ ነው ቢባል እውነት ነው። ኾኖም ባዛሩ ከተፈታ በኋላ ያለው ነገር የሰፊዋና የገዢዋ ነው እላለሁ፤ አለዚያ ሒሳቡ መቼ ይዘጋል? በዚህ ነጥብ ላይ የማይስማሙ መምህራን እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ክርክራቸውን በሚቀጥለው ቅጽ ቢጽፉት ደስ ይለኛል። መሶቦቹ ግን ተልከዋል፤ በአውቶቡስ፣ በማዳበሪያ ተጠቅልለው፣ ኪራዩም የጭነት ብቻ ነበር።